ከቢቸና እስከ ሞጣ በጣት

ስርጉት ምንይሉ ሞጣ ተወልዳ ያደገች፣ ቢቸና ተመድባ የምትኖር የጂኦግራፊ መምህርት ናት። ቀጠን ያለች፣ ስትራመድ የምትቸኩል፣ አንድ ነገር ሳይገባት ሲቀር ደግሞ ፊቷ ላይ የሚታወቅባት ሴት ናት። ሆኖም ከምታስተምረው ትምህርት አንዱ ለራሷም እንዳልገባት ለብዙ ዓመት ማንም ሳያውቅባት ኖራለች።

ያልገባት ነገር ካርታ ላይ ያለው ቡናማ መስመር ነው። የመሬትን ከፍታና ዝቅታ በሚያሳይ ካርታ ላይ፣ ከፍታቸው እኩል የሆኑ ቦታዎችን እያገናኘ የሚዞር ቀጭን መስመር አለ፤ በትምህርት ቤት ቋንቋ ኮንቱር ይሉታል። ስርጉት ሞጣ ዘጠነኛ ክፍል ሳለች መምህሯ ጥቁር ሰሌዳው ላይ አንዱን ክብ በሌላው ውስጥ እየሣሉ ቆዩና «ይህ ተራራ ነው» አሉ። ስርጉት ሰሌዳውን ብታይ ብታይ የተከተፈ ሽንኩርት እንጂ ተራራ አልታይ አላት። የጓደኞቿን ፊት ሰረቅ አድርጋ አየች፤ ሁሉም የገባው ይመስላል። ስለዚህ እንደ ዳዊት በቃሏ ያዘችው። «መስመሮቹ ሲቀራረቡ ገደል፣ ሲራራቁ ሜዳ፤ አንዱ መስመር ሌላውን አያቋርጥም።» ለፈተና በቃት። ዩኒቨርሲቲም በዚያው በቃሏ ተሻገረች፤ እዚያ የታደላቸው ካርታ ከኮፒ ላይ የተቀዳ ስለነበር ቡናማው መስመር ጠፍቶ፣ የቀረው ነጭ ወረቀትና አልፎ አልፎ የመንደር ስም ነበር።

ከዚያ ቢቸና መጣች። እሷም በተራዋ ሽንኩርቱን ሣለች፤ ተማሪዎቿም በተራቸው ደገሙት። ማንም አልጠየቀ፣ እሷም አልተናገረች።

የጠየቁት ቄስ አካለ ወልድ ናቸው። ቄስ አካለ ወልድ በወጣትነታቸው ቅኔ ቤት የኖሩ፣ አሁን ከከተማው ወጣ ባለች የገጠር ቤተ ክርስቲያን የሚቀድሱ፣ አርባ ዓመት ያለፋቸው ሰው ናቸው። «ልጆቼ የሚያነቡትን እኔስ ለምን አላነብም?» ብለው ቅዳሜ ከሰዓት ለአዋቂዎች በሚሰጠው ትምህርት ተመዘገቡ። ሁልጊዜ ፊት ወንበር ላይ፣ ጥምጥማቸውን አስተካክለው፣ ጭራቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው ይቀመጣሉ። ያን ቀን ስርጉት ሽንኩርቷን ሥላ ስትጨርስ እጃቸውን አወጡ።

«መምህርት፣ አንድ ነገር ብጠይቅ?»

«ይጠይቁ፣ አባ።»

«ሰሙን ነገሩን። ወርቁ የት ነው?»

ክፍሉ ሳቀ። ስርጉት ግን አልሳቀችም። «እንዴት ማለትዎ ነው?»

«መስመሩ ሰም ነው ብዬ ነው። ሰም ደግሞ ያለ ወርቅ ቅኔ አይሆንም። በዚህ አገር እኔ በእግሬ ያልወጣሁት ዳገት የለም። ታዲያ አንድም ቀን እንዲህ ያለ መስመር ተጋድሞ አላየሁ። መሬቱ ላይ የት ነው ያለው?»

ስርጉት መጽሐፉ የሚለውን አለች። «መሬት ላይ የለም፣ አባ። ሐሳባዊ መስመር ነው።»

ቄስ አካለ ወልድ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ በትሕትና ነበር የነቀነቁት። ነገር ግን እንዳልገባቸው ያስታውቃል። ስርጉትም ይህን ፊት ታውቀዋለች፤ ዘጠነኛ ክፍል ሳለች የራሷ ፊት ነበር።

በዚያው ክረምት ለሥልጠና አዲስ አበባ ሄደች። ሥልጠናው ባለቀ ማግስት ጓደኞቿ መርካቶ ሲወርዱ እሷ ካርታ የሚሸጥበትን መሥሪያ ቤት አፈላልጋ ገባች። የቢቸናን አካባቢ፣ ከዚያ ወደ ሰሜን እስከ ሞጣ የሚዘልቀውን ጨምራ ገዛች። ወረቀቱ ሰፊና ወፍራም ነው፤ ቡናማው፣ ሰማያዊው፣ አረንጓዴው ሁሉ ቁልጭ ብሎ ይታያል። እንዳይታጠፍባት ከአንድ የቧንቧ ነጋዴ የፕላስቲክ ቁራጭ ለምና፣ ካርታዎቹን በውስጡ ጠቅልላ፣ እንደ ሕፃን አቅፋ ወደ ቢቸና ተመለሰች።

መስከረም ላይ፣ ሌሊቱን ዘንቦ ባደረበት አንድ እሑድ ጠዋት፣ ካርታዋን ይዛ ከከተማው በላይ ወዳለው ኮረብታ ወጣች። ሰዉ ወይራ አምባ ይለዋል። ካርታውን ሣሩ ላይ ዘረጋችና አራቱን ማዕዘን በድንጋይ ያዘች። መጀመሪያ ሁሉም ነገር ተዘበራረቀባት። ኋላ ግን በምዕራብ በኩል ደመና የጠመጠመውን ጮቄን አየች፤ ካርታው ላይም ጮቄን ፈለገች፤ ከዚያ የካርታው ጮቄ የሰማዩን ጮቄ እስኪገጥም ድረስ ወረቀቱን አዞረችው። ወዲያው መንገዱ በመንገዱ አቅጣጫ ተጋደመ፤ ቤተ ክርስቲያኑም በቤተ ክርስቲያኑ በኩል ሆነ። ይህን ብቻ በማድረጓ እንደ ልጅ ደስ አላት። ቡናማው መስመር ግን አሁንም ሽንኩርት ነው።

«አንቺ! ማን ነው የላከሽ?»

ቀና ስትል አንድ ሽማግሌ ገበሬ ዱላቸውን ትከሻቸው ላይ እንዳጋደሙ ከላይዋ ቆመዋል። ጋሼ ሽታሁን ይባላሉ፤ የተቀመጠችበት ዳር የሳቸው ማሳ ነው።

«ማንም አልላከኝም። መምህርት ነኝ።»

«መምህርት ከሆንሽ ክፍልሽ ውስጥ አትሆኝም?» ዱላቸውን ወደ ካርታው ቀሰሩ። «ስሚኝ ልጄ። ካርታ የያዘ ሰው መጥቶ መሬት ጨምሮልን አያውቅም። ሁሌም ሲሄድ ትንሽ ይዞ ነው የሚሄድ።»

ስርጉት ተነሥታ ነጠላዋን አስተካከለች። «ጋሼ፣ ይህ ካርታ የማን መሬት የት እንደሆነ አይናገርም። ይዩት። የሰው ስም የለበትም።»

«ታዲያ ምን ይናገራል?»

«ከፍታ ነው የሚናገር።»

«ከፍታ ምን ይሆናል?»

«እኔም ገና አልገባኝም፤» አለች ስርጉት። «ሊገባኝ ነው የመጣሁት።»

ሽማግሌው ይህን አልጠበቁም። ትንሽ አመንትተው ከጎኗ ቁጢጥ አሉ። ቤታቸውን ፈለጉ፤ የለም። ከቤታቸው ደጃፍ ያለውን ትልቁን ዋርካ ፈለጉ፤ እሱም የለም፤ ቅር አላቸው። ልጅ ሆነው ከብት ያጠጡበትን ምንጭና የተጠመቁበትን ቤተ ክርስቲያን ግን ሲያገኙት «እሰይ! ለካ ደኅና ሰው ነው የሠራው» አሉ።

ስርጉት ከምንጩ በላይ ካለው መስመር ላይ ጣቷን አኖረችና ተከተለችው። መስመሩ ኮረብታውን በግራ ይዞ ዞረ፤ ሸለቆዋ ውስጥ ገባ ብሎ ወጣ፤ እንደገና ዞረ። ጣቷ በሄደበት ዓይኗን ከወረቀቱ አንሥታ ወደ መሬቱ ላከች። ያኔ አየችው።

ከእግራቸው በታች ገበሬዎቹ በበጋው የሠሩት እርከን ነበር። የሌሊቱ ዝናብ ከእርከኑ ጀርባ ባለው ቦይ ተኝቷል፤ ፀሐይ ወጥታ ስታርፍበት ውሃው እንደ ብር ክር ያበራል። ያ ክር ኮረብታውን በግራ ይዞ ይዞራል፤ ሸለቆዋ ውስጥ ገባ ብሎ ይወጣል፤ ከዚያም እንደገና ይዞራል። ከሱ በታች ሌላ ክር፤ ከዚያም በታች ሌላ። ዳገቱ ቀጥ ባለበት ክሮቹ ይጠጋጋሉ፤ ለጥ ባለበት ይራራቃሉ።

«ወርቁ!» ብላ ጮኸች።

ጋሼ ሽታሁን ደንግጠው ዱላቸውን ያዙ። «የቱ ወርቅ?»

«ጋሼ፣ ይህን እርከን ስትሠሩ መስመሩን በምን አወጣችሁት?»

«በክር ነዋ! የግብርና ሠራተኛዋ ሁለት እንጨት ታቆማለች፤ መሃሉ ላይ ክር፣ ክሩ ላይ ውሃ ልክ። ዘንበል እንዳይል እያየን እንቆፍራለን። ወዲህ ወይ ወዲያ ካዘነበለ ጎርፉ በዚያ በኩል ጥሶት ይሄዳል።»

«ስለዚህ ቦዩ ከዳር እስከ ዳር ከፍታው እኩል ነው።»

«እኩል ባይሆንማ መች ውሃ ይተኛበት ነበር?»

ስርጉት እጃቸውን ይዛ አፈር የያዘውን ጣታቸውን መስመሩ ላይ አስቀመጠችው። «እንግዲያው ይኸውልዎ። ይህ መስመር ውሃ ቢያገኝ የሚተኛበት ቦታ ነው።»

ሽማግሌው ጣታቸውን እያስሄዱ ቆዩ። ቀጥሎ ካርታውን ከዳር እስከ ዳር ቃኙና፣ ያን ሁሉ ሺህ መስመር አይተው፣ ሳቅ አመለጣቸው። «ኧረ ይህን ሁሉ ማን ቆፈረው!»

ያን ጠዋት ስርጉት የባቄላ እሸት በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ነው የወረደችው። የጋሼ ሽታሁን የጣት አሻራ ካርታው ላይ ቀርቷል። ልታጠፋው አልፈለገችም።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ጥቁር ሰሌዳውን ትታ አዋቂ ተማሪዎቿን ወይራ አምባ ይዛ ወጣች። ብዙም አልተናገረችም። ካርታውን ዘርግታ ጮቄን ከጮቄ ጋር አገጣጠመች፤ እርከኑንም አሳየቻቸው። ቄስ አካለ ወልድ ካርታውን አዩ፣ እርከኑን አዩ፣ ጫማቸውን አስተካክለው እርከኑ ላይ ወጡና መሄድ ጀመሩ። ኮረብታውን ዞረው ከዓይን ጠፉ። ሌሎቹ ተቀምጠው ሲጠብቁ ቄሱ በሌላው ጎን ብቅ አሉ። ላብ እንኳ አላላባቸውም።

«ሳልወጣ ሳልወርድ ዞሬ መጣሁ፤» አሉ። ጭራቸውን ወዲያና ወዲህ እያወዛወዙ ትንሽ አሰቡ፤ ከዚያ እንዲህ ብለው ተቀኙ፦

«ሳይወጣ ሳይወርድም ሲዞር የኖረ ሰው፣
ተራራውን ሁሉ በጣቱ ደረሰው።»

ከተማሪዎቹ አንዱ፣ የፖሊስ ልብሱን እንደለበሰ የመጣው፣ «ደረሰው ሲሉ ደረሰበት ማለትዎ ነው?» ብሎ ጠየቀ።

«እሱ ሰሙ ነው፤» አሉ ቄስ አካለ ወልድ። «መጽሐፍ የሚደርስ ሰውስ ምን ይባላል? ደራሲ አይደል? ይህን መስመር የሣለው ሰው ተራራውን ደረሰው፤ እንደ ድርሰት ጻፈው ማለት ነው።» ወደ ስርጉት ዘወር ብለው ራሳቸውን ዝቅ አደረጉ። «ወርቁን አሳዩን፣ መምህርት። ዕድሜ ይስጥዎ።»

ከዚያ ወዲህ ስርጉት ካርታ ማንበብ ሱስ ሆነባት። ሌላው ሰው ልብ ወለድ ይዞ እንደሚጋደም፣ እሷ ካርታ ይዛ ትጋደማለች። የትኛው ሸለቆ ጠዋት ፀሐይ እንደሚያገኝ፣ የትኛው መንደር ለውሃ ቁልቁለት እንደሚወርድ፣ የትኛው ምንጭ ከየትኛው ሰፈር በላይ እንደሆነ ከአልጋዋ ሳትነሣ ታየዋለች። አንዳንድ እሑድ ደግሞ በዓይነ ልቦናዋ ያየችውን በእግሯ ሄዳ ታመሳክራለች። ሁልጊዜ አይገጥምላትም። አንድ ቀን አቋራጭ ነው ብላ የያዘችው መንገድ ገደል አፋፍ ላይ ጥሏት፣ በቁልቋል ውስጥ ተመልሳ ቀሚሷ ተቀዶ ገብታለች። ቤት ደርሳ ስታየው መስመሮቹ እዚያ ቦታ ላይ እርስ በርስ ተጣብቀው ነበር፤ የቸኮለችው እሷ ናት።

ከቢቸና ወደ ሞጣ የሚወስደውን ስታነብ ግን ሁልጊዜ ትዝ የሚሏት አባቷ ናቸው።

አቶ ምንይሉ በጉልበታቸው ዘመን በቅሎ ነጂ ነጋዴ ነበሩ። ከሞጣ ቅቤና ማር ጭነው ቢቸና ያደርሳሉ፤ ከቢቸና ጥጥና ጨው ጭነው ይመለሳሉ። የንግድ ጓደኛቸው ጎረቤታቸው ሐጂ ይማም ነበሩ፤ አንዱ ሲጾም ሌላው ሥጋ ሳይበላ፣ አንዱ ሲሰግድ ሌላው በቅሎ እየጠበቀ፣ ያን አገር አብረው ሲመላለሱበት ኖረዋል። መኪና መንገዱ ሲሻሻል በቅሎዎቹ ቀሩ። ኋላ ደግሞ የአቶ ምንይሉ ዓይን ፈዘዘ፣ እየቆየም ጠፋ። ሐኪሙ የዓይን ግፊት ነው፣ ዘግይታችኋል አለ። ከዚያ ወዲህ አቶ ምንይሉ አያማርሩም፤ ነገር ግን ጨዋታቸው ቀነሰ። ደጃፋቸው ካለው መደብ ላይ ተቀምጠው ይውላሉ። ገበያ መውጣት ተዉ። ስርጉት ስትደውል «ደኅና ነሽ? እግዜር ይመስገን» ብለው ስልኩን ለእናቷ ለወይዘሮ ብሩክታይት ያቀብላሉ።

ለገና ሞጣ ስትሄድ ካርታውን ይዛ ሄደች። ከጎናቸው ተቀምጣ ታነብላቸው ጀመር። «አሁን ከግንደ ወይን ወጣን አባባ፤ በስተቀኝ ኮረብታ አለ፤ ከዚያ መሬቱ ዝቅ እያለ...»

እጃቸውን ጉልበቷ ላይ አሳረፉ። «ተይው ልጄ። ወረቀት ለሚያይ ሰው ነው።»

ክፉ አልተናገሯትም። ስርጉት ግን ቢቸና እስክትመለስ ድረስ ይህች ቃል አልለቀቀቻትም። አባቷ እንደዚያ ያሉት ካርታውን ንቀው እንዳልሆነ ታውቃለች። እሷም ራሷ መስመሩን ማየት የቻለችው ውሃ ተኝቶበት ሲያበራ ነው። እሳቸው ደግሞ የሚያዩት በጣታቸው ነው። ታዲያ መስመሩ ለጣት ቢነሣስ?

ከሱቅ ባዶ ካርቶን ለመነች፤ የማካሮኒ፣ የሳሙና፣ የብስኩት። ከቢቸና እስከ ሞጣ ያለውን አገር ባንድነት ከሚያሳየው ካርታ ላይ ወፍራም ወፍራሙን መስመር ብቻ መርጣ በካርቦን ወረቀት ካርቶኑ ላይ ገለበጠች። ዝቅተኛው መስመር የከበበውን ቆርጣ ከሥር አስቀመጠች። ቀጥሎ ያለውን ቆርጣ በላዩ፤ ቀጥሎ ያለውን ደግሞ በላዩ። ካርቶን በካርቶን ላይ ሲደራረብ ሸለቆው ሸለቆ፣ አምባውም አምባ እየሆነ መጣ። ምላጩ ጣቷን ቆረጣት። ለማጣበቂያ በዱቄት የሠራችው ሙጫ ደግሞ ሌላ ጣጣ አመጣ፤ አንድ ጠዋት ብትነሣ አይጥ ምዕራቡን ዳር ግምጥ አድርጎታል።

ለተማሪዎቿ ስትነግራቸው ቄስ አካለ ወልድ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። «ጮቄን የበላ አይጥ! ይህስ በታሪክ የለም።» ከዚያ ወዲያ ብቻዋን አልተዉአትም። ፖሊሱ ከአናጢ ኮላ ይዞ መጣ። ቄሱ ቅዳሜ ቅዳሜ ከትምህርት በኋላ ቁጭ ብለው ብራና እንደሚፍቅ ሰው በጥንቃቄ ይቆርጣሉ፤ በምላጭ እጃቸው ከሷ ይሻላል። ከተሞቹን በሸሚዝ ቁልፍ፣ መኪና መንገዱን በሲባጎ፣ ቤተ ክርስቲያንና መስጊዶቹን በምስርና በሽምብራ ፍሬ አመለከቱ።

በወሰነ ትምህርቱ ዕረፍት ስርጉት ሥራዋን በአንሶላ ሸፍና ሚኒባስ ተሳፈረች። ረዳቱ «ላይ እንጫነው» አለ፤ እሷ «አይሆንም» አለች። ጉልበቷ ላይ አድርጋ ስትቀመጥ ከጎኗ ያለችው ሴትዮ አንሶላውን አየት አደረገችና «ድፎ ነው? ለሠርግ ነው?» አለቻት።

«አገር ነው፤» አለች ስርጉት።

ከዚያ ወዲያ ማን ያስቀምጣታል! ግለጪው፣ ግለጪው ሆነ። ስትገልጠው ከኋላ ያለው ሰው ሁሉ አንገቱን አሰገገ። አንዱ መንደሩን ፈለገ፤ ሌላዋ የአባቷን ርስት። ደብረ ወርቅ ላይ የወረደ አንድ ሽማግሌ ካልዳሰስኩ ብሎ በሩን ይዞ ቆመ። ዳገት በመጣ ቁጥር ተሳፋሪው «አሁን እዚህ ነን!» ይላል። ሾፌሩ በመስታወት እያየ «እኔ ደግሞ የት ደረስኩ?» ሲል ሴትዮዋ «አንተ መንገዱን እይ፤ እኛ እንነግርሃለን» አለችው። ስርጉት በሕይወቷ እንደዚያ ቀን የተሳካ ክፍል አስተምራ አታውቅም።

ሞጣ ቤት ስትደርስ አባቷ መደቡ ላይ ናቸው። አጠገባቸው ዱካ ስባ ሥራዋን በላዩ አሳረፈች።

«እጅዎን ይስጡኝ፣ አባባ።»

ሰጧት። የቀኝ ሌባ ጣታቸውን ይዛ አንዲት ቁልፍ ላይ አስቀመጠችው። «ይህች ቁልፍ ሞጣ ናት። እርስዎ አሁን የተቀመጡት እዚህ ነው። ቢቸና በዚህ በኩል ናት።»

ጣታቸው ቁልፏ ላይ ቆየች። ከዚያ በዝግታ ተንቀሳቀሰች፤ ወረደች፣ ወጣች፣ ቆመች።

«ይህ የጎደጎደው ወን...» አለች ስርጉት።

«ቆይ! አትንገሪኝ።»

ስርጉት አፏን ያዘች። የአባቷ ጣት ወንዙን ተሻገረች፤ ዳገቱን ወጣች። በቀኝ እጃቸው ብቻ የጀመሩት ሽማግሌ ግራውንም ጨመሩ። ፊታቸው ቀና አለ፤ ዓይናቸው ወደ ማንም ሳይሆን ሩቅ ያይ ጀመር። ሁለት ከፍታዎች መሃል ካለች ጠባብ ዝቅታ ሲደርሱ እጃቸው ቀጥ አለ።

«ድንጋይ በር!»

ካርታው ላይ ያ ቦታ ስም አልነበረውም። ስርጉት ስሙን ያን ቀን ነው የሰማችው።

«እዚህ ነው ቡሌ የተንሸራተተችብን። ቡሌ የሐጂ ይማም በቅሎ ናት። ሁለት እንስራ ቅቤ ጭና ነበር። ፀሐዩ ደግሞ ክረምት የወጣበት፣ የሚያቃጥል ነው። ቅቤው በድንጋዩ ላይ እንደ ውሃ ወረደ። ሐጂ ይማም ያለቅሳል ብዬ ስጠብቅ ቁጭ ብሎ ይስቃል። ምን ያስቅሃል ብለው፣ ድንጋዩን ለሙሽርነት አዘጋጀነው አለኝ።» አቶ ምንይሉ ራሳቸውም ሳቁ። ስርጉት ይህን ሳቅ ከሰማች ዓመታት አልፏል።

ጣታቸው ቀጠለች። ከግንደ ወይን አለፍ ብሎ፣ ከመኪናው መንገድ ራቅ ካለች ገላጣ ቦታ ላይ ስትደርስ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «እዚህ ጋ ነው ውሃ የጠየቅኋት።»

«ማንን?»

«እናትሽን ነዋ።»

ከጓዳ የወይዘሮ ብሩክታይት ድምፅ መጣ። «ውሸታቸውን ነው! እሳቸው ጠላ ነው የጠየቁ። ውሃውን የጠየቁ ለበቅሎዋ ነው።»

«መጀመሪያ ለበቅሎዋ ነው የሚጠየቅ፤» አሉ አቶ ምንይሉ። «ለበቅሎው የማያስብ ባል ምን ይሆንሻል?»

ወይዘሮ ብሩክታይት እጃቸውን እየጠረጉ ወጡና ካርቶኑን አጎንብሰው አዩ። የተወለዱበትን ቦታ ልጃቸው ጣታቸውን ይዛ አሳየቻቸው። ከዚያ «ይህች ናት? ይህችን ታህል ናት?» አሉና የባላቸውን እጅ ከቦታዋ ላይ በቀስታ ገፋ አድርገው የራሳቸውን አኖሩ።

ስርጉት አንድ ነገር ከብዷት ነበርና ተናገረች። «አባባ፣ ዳገቱን አብዝቼዋለሁ። ካርቶኑ ወፍራም ስለሆነ ከእውነተኛው ይልቅ ከፍ ብሏል።»

«የለም፤ አላበዛሽውም። ተጭኖ ለሚወጣው እንዲህ ነው። ባዶውን የሚሄደው ነው ዝቅ አድርጎ የሚያየው።»

በማግስቱ ሐጂ ይማምን አስጠሯቸው። ሐጂ ይማም ዓይናቸው ደኅና ነው፤ ጉልበታቸው ነው የከዳቸው። በልጅ ልጃቸው ተደግፈው መጥተው ካርቶኑን ሲያዩ «ሱብሃነላህ!» አሉ። ገና ሳይቀመጡ ክርክር ተጀመረ። ከድንጋይ በር በኋላ መንገዱ በግራ ነው በቀኝ? አቶ ምንይሉ ዓይናቸውን ጨፍነው በጣታቸው፣ ሐጂ ይማም መነጽራቸውን አድርገው በከዘራቸው ጫፍ ይከራከራሉ። ጎረቤት ተሰበሰበ። ዱሮ የነገዱ ሌሎች ሽማግሌዎችም ሰምተው መጡ። መደቡ ጠበበና ከየቤቱ ወንበር ወጣ።

ስርጉት ወደ ቢቸና ስትመለስ ሥራዋን እዚያው ተወችው። ለትምህርት ቤቱ ሌላ ትሠራለች። ከዚያ ወዲህ ስትደውል አባቷ ስልኩን ቶሎ አይለቁም። ቅዳሜ ገበያ ከሐጂ ይማም ጋር መውጣት ጀምረዋል፤ አንዱ ለአንዱ ዓይን፣ አንዱ ለአንዱ ጉልበት ሆነው። «ሰው ጠፍቶ ነው እንጂ መንገዱስ እዚያው ነው» ይላሉ። ካርቶኑ ጫፍ ጫፉ ከመዳሰስ ብዛት ወዝቷል። ሞጣን የምትወክለው ቁልፍ ወልቃ ወይዘሮ ብሩክታይት በመርፌ ሰፍተዋታል።

ባለፈው ሳምንት ደግሞ አባቷ በስልክ አዲስ ነገር አመጡ።

«ስርጉቴ፣ ይህ አገር ምሥራቁ ላይ ተቆርጧል። ጣቴ አየር ላይ ቀረ።»

«ካርታው እዚያ ላይ ስላለቀ ነው፣ አባባ።»

«ዓባይስ?»

«ዓባይን አልጨመርኩትም።»

«ዓባይን ሳይጨምሩ የምን ጎጃም ነው! እኔና ሐጂ ወሎ ድረስ ወርደናል። የማያውቁት አገር አይናፍቅም ይላሉ፤ እኔ ግን አውቀዋለሁ።»

ስርጉት ሳቀች፤ ከዚያም ችግሩን አስረዳቻቸው። የሥራዋ ዝቅተኛው ካርቶን ዱካው ላይ ነው ያረፈው። ዓባይ ደግሞ ከዚያ በታች በጣም ይወርዳል። ዓባይን ለመጨመር የተሠራው አገር በሙሉ ከሥሩ መነሣት አለበት።

«ታዲያ አንሽዋ!» አሉ አቶ ምንይሉ።

አሁን የስርጉት ቤት እንደገና በካርቶን ተሞልቷል። ባለሱቁ ሲያያት ሳትጠይቀው የማካሮኒውን ያቀብላታል። የምሥራቁን ካርታ ለሥልጠና አዲስ አበባ የሄደ የሥራ ጓደኛዋ አምጥቶላታል፤ የደጋው አፋፍ፣ ከሱ በታች የተደራረበው ገደል፣ ከገደሉ ሥር ሰማያዊው ዓባይ አለበት። መስመሮቹ እዚያ ላይ እንዲያ ተጠጋግተዋልና ለመገልበጥ ዓይን ያደክማሉ። ቅዳሜ ከሰዓት ቄስ አካለ ወልድ ምላጫቸውን በወረቀት ጠቅልለው መጡ፤ ፖሊሱም ኮላውን ይዞ። ከሁሉ በታች የሚሆነውን፣ ውሃውን የሚሸከመውን የመጀመሪያ ካርቶን ቄሱ ቆርጠው ጨረሱና ጠረጴዛው ላይ አኖሩት።

«ስንት ይቀረናል፣ መምህርት?»

ስርጉት ካርታውን አየች፤ ከዚያም የካርቶኑን ክምር። «ብዙ፣ አባ።»

«እሰይ፤» አሉ ቄስ አካለ ወልድ፣ ወንበራቸውን ወደ ጠረጴዛው እየሳቡ። «ቀጣዩን ይስጡኝ።»